ጌሙ አልጫን ሲል ጠባቂውን ማጥፋት መፍትሔ ነውን?



ትምህርት ቤቶች ለእረፍት በሚዘጉበት ወቅት በየቤቱ ያለው ኮምፒውተር ሥራ ይበዛበታል። ልጆች ከጓደኛ፣ ከኮምፒውተር መደብር ወይም ከኢንተርኔት ያገኙትን ጌም በፍላሽ ይዘው ይመጡና ሊጭኑት ይሞክራሉ። ከረጅም ጥበቃ በኋላ ግን በስክሪኑ ላይ የስህተት መልእክት ብቅ ይልና ሥራው ይቋረጣል። በዚህ ጊዜ ልጁ ከጓደኞቹ የሰማውን ይዞ ወደ ወላጆቹ በመምጣት «የከለከለው አንቲ ቫይረሱ ነው፤ ይጥፋልኝ» ሲል ይጠይቃል። አንዳንድ ወላጅ ጉዳዩን ስለማያውቀው «እሺ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ጌም የሚባል ነገር በዚህ ቤት እንዳይነሳ» ብሎ ይቆጣል። ሁለቱም መልሶች ነገሩ ሳይጣራ የተሰጡ በመሆናቸው አንዱ ቤተሰቡን ለጉዳት ያጋልጣል፤ ሌላው ልጁን ተደብቆ መሥራትን ያስተምረዋል።

በመሆኑም በዛሬው ዝግጅታችን እነዚህ በእጅጉ ታምቀው የሚመጡ ጌሞች ለምን አልጫን እንደሚሉ፣ የስህተቱን መልእክት እንዴት መረዳት እንደሚቻልና ጠባቂውን ከማጥፋት በፊት ምን መጣራት እንዳለበት በአላህ ፈቃድ እንመለከታለን።

የታመቀ ጌም ማለት ምን ማለት ነው?

በዛሬው ጊዜ አንድ ትልቅ ጌም በኮምፒውተር ላይ 50፣ 100 እና ከዚያም በላይ ጊጋባይት ቦታ ሊይዝ ይችላል። ይህን በደካማ የኢንተርኔት መስመር ማውረድ አድካሚም ውድም ነው። ስለሆነም ፋይሉን አምቀው መጠኑን የሚያሳንሱ ሰዎች አሉ። ለዚህ ሥራ ከሚያገለግሉት መካከል ኢጎር ፓቭሎቭ የተባለው ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው ሰቨን-ዚፕ እና ፍሪ-አርክ የተባሉት ፕሮግራሞች ይገኙበታል። የታመቀውን ፈትቶ በየቦታው የሚያስቀምጠው ጫኝ ፕሮግራም ደግሞ ብዙውን ጊዜ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በሚታወቀው ኢኖ ሴትአፕ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ ስሙ በ«ዶት ኢ-ኤክስ-ኢ» የሚያበቃው ፋይል እርሱ ነው።

ነገሩን በቤታችን ቋንቋ ለመረዳት ድርቆሽን እናስብ። ድርቆሽ ለመንገደኛ ስንቅ የሚመቸው በመድረቁ ምክንያት ቀሎና በትንሽ ከረጢት ተይዞ ስለሚሄድ ነው። ሊበላ ሲል ግን ውሃ ይፈልጋል፤ ሲርስም ስለሚያብጥ ሰፊ ዕቃ ይሻል። የታመቀ ጌምም እንዲሁ ነው። በመንገድ ላይ ትንሽ ነው፤ ቤት ገብቶ ሲፈታ ግን ሰፊ ሃርድ ዲስክ፣ በቂ ራም እና ረጅም ጊዜ ይጠይቃል። ይህን ያልተረዳ ልጅ «ፋይሉ 20 ጊጋባይት ነው፤ እኔ ደግሞ 30 ጊጋባይት ክፍት ቦታ አለኝ» ብሎ ይጀምርና በመሐል ይቆምበታል።

የስህተቱ መልእክት ምን እያለ ነው?

በብዛት ከሚታዩት መልእክቶች አንደኛው «ኢስ-ደን» ወይም «አን-አርክ» የሚሉ ስሞችን ከአንድ ቁጥር ጋር የሚያሳየው ነው። ቁጥሩ ይለያይ እንጂ የመልእክቱ ፍሬ ነገር «የታመቀውን ስፈታ መሐል ላይ ተሰናከልኩ» የሚል ነው። መንስኤዎቹ ግን ብዙ ስለሆኑ ከቀላሉ ጀምሮ በቅደም ተከተል ማየት ይገባል።

1ኛ. ቦታ። ጌሙን በዲ ድራይቭ ላይ ለመጫን ቢመረጥም እንኳ ጫኙ ጊዜያዊ ፋይሎቹን የሚያስቀምጠው አብዛኛውን ጊዜ በሲ ድራይቭ ላይ ነው። ራም ሲያጥረው ዊንዶውስ በምትኩ የሚጠቀምበት የዲስክ ክፍልም በአብዛኛው እዚያው ነው። ስለዚህ ሁለቱም ድራይቮች ክፍት ቦታ ሊኖራቸው ይገባል።

2ኛ. ራም። 4 ጊጋባይት ራም ባለው ኮምፒውተር ላይ እየጫኑ ሌሎች ፕሮግራሞችን መክፈት ሥራውን ያሰናክላል። ሁሉንም ዘግቶ መሞከር ይገባል። አንዳንዶቹ ጫኞች የራም አጠቃቀማቸውን እስከ 2 ጊጋባይት ብቻ የሚገድብ ምርጫ ስላላቸው እርሱን ምልክት ማድረግ ይረዳል። ስህተቱ በተደጋገመ ቁጥር በተለያየ ቦታ ላይ የሚከሰት ከሆነ ራሙ ራሱ ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ በሚመጣው የማስታወሻ መመርመሪያ ማስፈተሽ ተገቢ ነው።

3ኛ. የፋይሉ ጤንነት። በታመቀ ፋይል ውስጥ አንዱ ክፍል ከሌላው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ጥቂት ፊደል ብትሳሳት የቀረው ሁሉ ላይፈታ ይችላል። ስህተቱ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ የሚከሰት ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ሰቨን-ዚፕ የአንድን ፋይል የጣት አሻራ የሚመስል ረጅም ቁጥር ያወጣል። ይህ ቁጥር አሳታሚው ካስታወቀው ጋር አንድ ካልሆነ ፋይሉ ጎድሏል ወይም ተነካክቷል ማለት ነው። ለአንዱ ፊደል ስንል መቶ ጊዜ ብንሞክር ለውጥ አይመጣም፤ መፍትሔው ፋይሉን እንደገና ማምጣት ነው።

4ኛ. ፍላሹ። ብዙ ፍላሾች ፋት-32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጁ ሲሆኑ ይህ አሠራር ከ4 ጊጋባይት የበለጠ አንድ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ከዚህ ሌላ፣ በላያቸው ላይ ትልቅ መጠን ተጽፎባቸው በውስጣቸው ግን ያነሰ የሚይዙ አስመሳይ ፍላሾች በገበያ ላይ አሉ። እነዚህ የተቀበሉ መስለው ትርፉን ፋይል ያጠፉታል።

5ኛ. ስምና መብራት። አንዳንድ ጫኞች ከላቲን ፊደል ውጭ የተጻፈ የፎልደር ስም ማንበብ አይችሉም። በኮምፒውተሩ ላይ የተጠቃሚው ስም በአማርኛ ወይም በዐረብኛ ፊደል ተጽፎ ከሆነ መንስኤው ይህ ሊሆን ይችላል። በላቲን ፊደል የተሰየመ አጭር ፎልደር በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ፈጥሮ ከዚያ መሞከር መልካም ነው። መብራት በመሐል ቢጠፋ ወይም ላፕቶፑ ቢተኛም በግማሽ የተፈታው ይበላሻል፤ እንዲህ ከሆነ በግማሽ የቀረውን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር እንጂ በላዩ ላይ መቀጠል አያዋጣም።

ተጭኖ ካለቀ በኋላ አልከፈትም የሚል ጌምም አለ። መጨረሻው «7ቢ» የሆነ ረጅም የስህተት ቁጥር ከታየ፣ ብዙውን ጊዜ የ32 ቢት እና የ64 ቢት አጋዥ ፋይሎች ተደባልቀዋል ወይም ተበላሽተዋል ማለት ነው። ስሙ በ«ዲ-ኤል-ኤል» የሚያበቃ ፋይል «ጠፍቷል» የሚል መልእክት ከመጣ ደግሞ ጌሙ የሚደገፍበት የማይክሮሶፍት ቪዡዋል ሲ ወይም ዳይሬክት-ኤክስ አልተጫነም ማለት ነው። ሁለቱንም ማይክሮሶፍት ራሱ በነጻ ይሰጣል። ጠፋ የተባለውን አንድ ፋይል ብቻ ከማይታወቅ ቦታ አምጥቶ መወተፍ ግን በሽታን በገንዘብ እንደመግዛት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ እስካሁን ከዘረዘርናቸው መንስኤዎች በአንዱም ላይ አንቲ ቫይረሱን ማጥፋት መፍትሔ ሆኖ አልመጣም። ወላጅ ይህን ልብ ሊለው ይገባል።

ጠባቂው በርግጥ ሲከለክልስ?

አንቲ ቫይረስ አንዳንዴ ንጹሑንም ፋይል እንደሚጠረጥር መካድ አይቻልም። ምክንያቱም የቫይረስ ሠሪዎችም ሥራቸውን ለመደበቅ ፕሮግራማቸውን አምቀውና ጠቅልለው ስለሚልኩ ሁለቱ በመልክ ይመሳሰሉበታል። «ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ ነው፤ አጥፉት» የሚለው ምክር የተስፋፋውም ከዚህ የተነሳ ነው። ሆኖም ይህችን ምክር አጥፊዎቹ ራሳቸው እንደ መግቢያ በር እንደሚጠቀሙባት የሚያሳዩ ማስረጃዎች አሉ።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 አቫስት የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ድርጅት ክራኮኖሽ ብሎ የሰየመውን አደገኛ ፕሮግራም ይፋ አድርጎ ነበር። ይህ ፕሮግራም በሕገ ወጥ መንገድ ከተባዙ ታዋቂ ጌሞች ጋር ተጠቅልሎ የሚገባ ሲሆን፣ ድርጅቱ በዓለም ዙሪያ ከ222,000 በላይ ኮምፒውተሮች ላይ አግኝቶታል። ከገባ በኋላ የዊንዶውስን ጠባቂ ያሰናክልና በምትኩ «ሁሉም ደኅና ነው» የሚል አረንጓዴ ምልክት ያስቀምጥ ነበር። የቤቱ ባለቤት በር ጠባቂዬ ነቅቷል ብሎ ሲተኛ በሩ ላይ የቆመው ሌባው ነበር ማለት ነው። ሠሪዎቹ የሰዎችን ኮምፒውተር ሞኔሮ የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ ለማምረት በማሠራት ከ2 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ እንዳገኙ ድርጅቱ ገምቷል።

በታኅሣሥ 31 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ካስፐርስኪ የተባለው ድርጅት ተመሳሳይ ዘመቻ ደረሰበት። ቢም-ኤንጂ ድራይቭን እና ጋሪስ ሞድን የመሳሰሉ ጌሞች ታምቀውና እንደገና ተጠቅልለው፣ ጫኛቸው ውስጥ ያው ሞኔሮ አምራች ተደብቆ ተሰራጭተው ነበር። ፋይሎቹ ወደ ኢንተርኔት የተጫኑት ከወራት በፊት፣ በመስከረም 2024 ሲሆን፣ የዓመቱ መጨረሻ በዓል እስኪደርስና ሰው ሁሉ ለመዝናናት እስኪዘጋጅ ድረስ ዝም ብለው ቆይተዋል። ጌሙ በትክክል ይሠራ ስለነበር የጠረጠረ ሰው ጥቂት ነው።

ስለዚህ ጠባቂው ሲከለክል የሚገባው እርምጃ ማጥፋት ሳይሆን ማጣራት ነው። በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ ላይ አላህ (ሱ.ወ.) ታማኝነቱ ያልታወቀ ሰው ይዞት የመጣውን ወሬ እንድናጣራ ያዘናል። ምንጩ ያልታወቀ ፋይልም በውስጡ ስላለው ነገር የሚያወራ ወሬኛ መሆኑን ልብ ይሏል። በፋይሉ ላይ በቀኝ በኩል ተጭነው የባሕርይ መግለጫውን ይክፈቱና የአሳታሚው ዲጂታል ፊርማ መኖሩን ይመልከቱ። ጫኙን ፋይል ቫይረስ ቶታል ወደተባለው ነጻ አገልግሎት ቢልኩት በበርካታ አንቲ ቫይረሶች በአንድ ጊዜ ይመረመራል። ፊርማ ከሌለው፣ ብዙዎቹም ከጠቆሙት ነገሩ እዚያው ላይ ያብቃ።

የአማና ጉዳይ

በቤት ኮምፒውተር ውስጥ ጌም ብቻ የለም። የእናት የሞባይል ባንክ መልእክት፣ የአባት የሥራ ደብዳቤ፣ የእህት የትምህርት ማስረጃ፣ በሂጃብ ተሸፍነው ውለው በቤታቸው ብቻ የተነሱ ሴቶች ፎቶግራፍ ሁሉ በውስጡ ይገኛል። ይህ ሁሉ አማና ነው። አማናን ለባለቤቱ መመለስ በሱረቱ-ኒሳእ 58ኛ አንቀጽ የታዘዝንበት ግዴታ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሰው በሥሩ ስላሉት ተጠያቂ መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ለአንድ ጌም ሲባል ጠባቂውን ማጥፋት የሌሎችን አማና በራስ ፈቃድ እንደመክፈት ይቆጠራል።

ሁለተኛው አማና የጌሙ ሠሪዎች ድካም ነው። እጅግ ታምቀው ከሚዞሩት ጌሞች አብዛኞቹ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የተባዙ ናቸው። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1988 በኩዌት ባደረገው 5ኛ ጉባኤው፣ በውሳኔ ቁጥር 43 የድርሰትና የፈጠራ መብቶች በሸሪዓ የተጠበቁና ሊጣሱ የማይገባቸው መሆናቸውን ገልጿል። በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠብቃቸው ሥራዎች ጋር አካቶታል። «ሁሉም ያደርገዋል» የሚለው ምክንያት በዱንያ ፍርድ ቤትም ሆነ በአኺራ አያድንም።

ታዲያ ልጁ ምን ይጫወት?

ከልክሎ ዝም ማለት ማስተማር አይደለም። ሠሪዎቻቸው ራሳቸው በነጻ እንዲሰራጩ የፈቀዷቸው ጌሞች አሉ። ሱፐርተክስካርት የመኪና ውድድር ነው፤ ዜሮ ኤ-ዲ ታሪክን መሠረት ያደረገ የስልት ጌም ነው፤ ጂ-ኮምፕሪ ደግሞ ከ2 እስከ 10 ዓመት ለሆኑ ሕፃናት ፊደል፣ ቁጥርና ማሰብን የሚያለማምዱ በርካታ ጨዋታዎችን ይዟል። ኤፒክ ጌምስ የተባለው መደብርም እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በየጊዜው የተመረጡ ጌሞችን በሕጋዊ መንገድ በነጻ ሲሰጥ ቆይቷል። ይዘታቸውን ወላጅ አስቀድሞ ቢመለከትና የሰላትንና የጥናትን ሰዓት የማይነካ ጊዜ ቢወስንላቸው መልካም ይሆናል።

ከሁሉም በላይ፣ ልጁ የስህተት መልእክት ይዞ ሲመጣ አብረውት ይቀመጡና መልእክቱን ያንብቡት። ቦታው በቂ ነውን? ራሙስ? ፋይሉ ሙሉ ነውን? ከማን መጣ? ባለቤቱስ ፈቅዷል? እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ከአባቱና ከእናቱ ጋር እየጠየቀ ያደገ ልጅ፣ ነገ በስልኩ ላይ «ይህን ይጫኑ፤ ሽልማት ደርሶዎታል» የሚል መልእክት ሲመጣለት ማንም ሳያስታውሰው ማጣራትን ያውቃል።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንንም ቤታችንንም ይጠብቅልን። ወላሁ አዕለም።