ነጠላው የሸፈነው አንገት

ከአዲስ አበባ በእንጦጦ ወጥታችሁ የጎጃምን መንገድ ስትይዙ፣ ሱሉልታን አልፋችሁ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጫንጮን ታገኛላችሁ። ብዙዎቻችሁ ወደ ደብረ ሊባኖስ ወይም ወደ ፍቼ ስትጓዙ አልፋችኋት ይሆናል። ብርዷን፣ ሰፊ ሜዳዋን፣ የድርቆሽ ክምሯን፣ ወደ ደርባ የሚታጠፉትን የሲሚንቶ መኪኖች ታስታውሱ ይሆናል። እኔ ግን ጫንጮ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ የአክስቴ ነጠላ ነው።

የአባቴ እህት ናት፤ እኛ ቤት «አዳዳ» ነው የምንላት። ወተት ሸጣ ልጆቿን ያሳደገች፣ እጇ ሥራ የማይፈታ ሴት ናት። ነጠላዋን ክረምት ከበጋ አንገቷ ላይ ትጠመጥማለች። ሁላችንም የጫንጮ ብርድ ነው ብለን ነበር። አንድ የፋሲካ ሰሞን ልጄን አቅፋ ስታጫውት ነጠላው ተንሸራተተ። ጉሮሮዋ ላይ የሎሚ ያህል እብጠት አየሁ። ደንገጥ ስል ቶሎ ሸፈነችውና «እንቅርት ነው ባክህ፣ እናቴም ነበራት» አለችኝ። ስንት ጊዜ ሆነው ስላት «ሰባት ዓመት ይሆነዋል» አለች።

ሰባት ዓመት ሙሉ እየሄድን ቡና ስንጠጣ፣ ስንስቅ፣ እሷ አንገቷን ስትሸፍን ነበር። ዛሬ ይህን የምጽፍላችሁ የአዳዳን ታሪክ ለማውራት ብቻ አይደለም። በእናንተም ቤት ከነጠላ፣ ከሻርፕ ወይም ከሂጃብ ስር የተደበቀ አንገት ሊኖር ስለሚችል ነው።

ቢራቢሮዋ እጢ

ከማንቁርታችን ዝቅ ብላ፣ ክንፏን እንደዘረጋች ቢራቢሮ የአየር ቧንቧችንን አቅፋ የምትገኝ ትንሽ እጢ አለች። ታይሮይድ ትባላለች። የምትሠራው ሆርሞን የልብ ምታችንን፣ የሰውነታችንን ሙቀት፣ ክብደታችንን፣ ጉልበታችንን፣ የልጆችን የአእምሮ እድገት ጭምር ይቆጣጠራል። ለዚህ ሥራዋ የምትፈልገው ጥሬ ዕቃ አዮዲን ነው። አዮዲን ሲያጥራት ካለው ላይ አሟጥጣ ለመያዝ ትተልቃለች። እንቅርት የምንለው ይህ ነው።

አገራችን እንቅርትን በደንብ ታውቀዋለች። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው አባባል ያለ ምክንያት አልመጣም። በደጋው አገር ዝናቡ አዮዲኑን ከአፈሩ እያጠበ ይወስደዋል፤ አዝመራውም ከብቱም የሚያገኘው ትንሽ ነው። መፍትሔው ጨው ውስጥ አዮዲን መጨመር ነው። ቀድሞ አብዛኛው ጨዋችን ከአሰብ ይመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የድንበሩ ጦርነት ሲነሳ ፊታችንን ወደ አፍዴራ አዞርን፤ አዮዲኑም ከገበታችን ራቀ። እ.ኤ.አ. በ2011 ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች 15 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016ቱ ጥናት 89 በመቶ ደረሱ። ትልቅ ለውጥ ነው። እናንተም ጨዋችሁን ፀሐይና እርጥበት በማያገኘው፣ ክዳን ባለው ዕቃ ብታስቀምጡ፣ ወጡም ሊወጣ ሲል ብትጨምሩ አዮዲኑ አይባክንባችሁም።

ነገር ግን የአንገት እብጠት ሁሉ የአዮዲን እጥረት አይደለም። ታይሮይድ ላይ ከሚወጡት እባጮች አብዛኞቹ ጉዳት የሌላቸው ናቸው፤ ጥቂቶቹ ግን ካንሰር ይሆናሉ። የታይሮይድ ካንሰር ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ሦስት እጥፍ ያህል ያጠቃል፤ ብዙ ጊዜም የሚመጣው ገና ልጅ በሚያሳድጉበት፣ ሥራ በሚሠሩበት ዕድሜ ነው። ደግነቱ፣ በብዛት የሚታየው ዓይነት ቀስ ብሎ የሚያድግና በጊዜ ከተደረሰበት በደንብ የሚታከም ነው። ክፉው ነገር ካንሰሩ ብቻ ሳይሆን ሰባት ዓመት መደበቁ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉ። መስታወት ፊት ቁሙ፤ አንገታችሁን ወደ ኋላ ቀና አድርጉና አንድ ጉንጭ ውኃ ዋጡ። ስትውጡ ከማንቁርታችሁ ዝቅ ብሎ ከፍ ዝቅ የሚል እብጠት ካያችሁ ሐኪም ያየው። እብጠቱ ቶሎ የሚያድግ ከሆነ፣ ድምፅ ከጎረነነና አልመለስ ካለ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ አንገት ጎን ላይ ሌላ ንፍፊት ካለ ደግሞ ቀጠሮ አታብዙ። ምርመራው የሚጀምረው በደም ምርመራና በአልትራሳውንድ ነው፤ ካስፈለገም በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰዳል። እርግጥ በመስታወት የማይታይ እባጭም አለ፤ መስታወቱ ሐኪሙን አይተካም። በሽፋን የኖረን አንገት ለመግለጥ ግን ጥሩ መጀመሪያ ነው።

ከሐኪሙ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ

የአዳዳ ናሙና ውጤት ካንሰር ሆነ። ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋት ሲነገራት አብሬያት ነበርኩ። ሐኪሙ በደንብ አስረዳን፤ እሷ ግን ከዚያች ቃል በኋላ የሰማችው ነገር አልነበረም። ወጥተን ኮሪደሩ ላይ ስንቀመጥ ከጎናችን የነበረች ወጣት ሴት ዝቅ ብላ አየቻት። ሻርፗን ገለጥ አድርጋ አንገቷ ላይ ያለውን ቀጭን ጠባሳ አሳየቻትና «እናቴ፣ አይዞዎት፤ እኔም ተሠርቼ ነው። ይኸው ሦስት ዓመቴ» አለቻት።

አዳዳ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄ ጠየቀች። «ድምፅሽ አልጠፋም? ትበያለሽ? እንጀራ ትጋግሪያለሽ?» እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ ሰው ከቢልቦርድ ይልቅ ዕቃውን የተጠቀመ ጎረቤቱን እንደሚያምን በሥራዬ አውቃለሁ። ሕመም ላይም እንዲሁ መሆኑን ግን ያን ቀን ነው ያየሁት። ሐኪሙ በሽታውን ያውቃል፤ ያቺ ልጅ ደግሞ ማግስቱን ታውቃለች።

ስለ ማግስቱ ደግሞ የሚታወቅ ብዙ ነገር አለ። እጢው ሙሉ በሙሉ ከወጣ ሆርሞኑን የሚተካ ክኒን ዕድሜ ልክ በየቀኑ ይወሰዳል። ክኒኑ በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ይዋጣል። ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያውክ የጠዋቷ ስኒም ትጠብቃለች። የካልሲየምና የአይረን ክኒኖች ደግሞ በአራት ሰዓት ያህል ይርቃሉ። አዳዳ የመጀመሪያውን ወር ክኒኗን በቡና ነበር የምትውጠው! ያቺ የኮሪደር ወዳጃችን ስትደውል ነው የታወቀው። የሚጾም ሰውም ክኒኑን በራሱ አያቋርጥ፤ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር፣ የንስሐ አባቱን ወይም የሃይማኖት መሪውንም ያማክር። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከንፈርና ጣት ከነዘረ ካልሲየም መውረዱን ሊያመለክት ስለሚችል ያኔውኑ ለሐኪም ይነገራል።

ለአንዳንድ ሕሙማን ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጨረራማ አዮዲን ይታዘዛል። የታይሮይድ ሕዋስ አዮዲን ስለሚወድ፣ ጨረሩን ተሸክሞ የሚሄደው አዮዲን የቀሩትን ሕዋሳት ፈልጎ ያጠፋቸዋል። በየሆስፒታሉ የሚገኝ ሕክምና አይደለም። ከዚያ በፊት ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት አዮዲን የበዛበት ምግብ ይቀነሳል። ያ ስንት የተለፋበት ጨው፣ ወተት፣ እንቁላል፣ የባሕር ምግብ ይቀራል። አዳዳ «ታዲያ ከጾም በምን ይለያል?» ብላ ሳቀች፤ የከበዳት አዮዲን የሌለበትን ጨው ማግኘቱ ነበር።

የከበደው ግን ሌላ ነው። ሕክምናውን የወሰደ ሰው ለተወሰኑ ቀናት ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡሮች መራቅ አለበት። አዳዳ የምትኖረው ከአራት ዓመት የልጅ ልጇና ከነፍሰ ጡር ምራቷ ጋር በሁለት ክፍል ቤት ነው። ሐኪሙ የሰጠን ወረቀት «ለብቻ ክፍል» ይላል። ክፍሉ ከየት ይምጣ? ያንን ማንም ወረቀት ላይ አይጽፍላችሁም።

ሐዘን ማኅበር ሲሆን

በዓለም ላይ ይህን ክፍተት ለመሙላት የተነሡት ብዙ ጊዜ ሕመሙ የነካቸው ሰዎች ናቸው። በአሜሪካ የታይሮይድ ካንሰርን ያለፉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ታይካ የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። በበጎ ፈቃደኞች የሚመራ ነው፤ አዲስ ታማሚን ካለፈበት ሰው ጋር ያገናኛል፣ አነስተኛ አዮዲን ላለው ምግብ የማብሰያ መጽሐፍ ያድላል፣ በየዓመቱ ሴፕቴምበርን የታይሮይድ ካንሰር ግንዛቤ ወር አድርጎ ያስባል። ወሩ ከእኛ እንቁጣጣሽ ጋር ይገጥማል፤ የሱሉልታ ሜዳ በአደይ አበባ ቢጫ በሚለብስበት ጊዜ ማለት ነው።

እኛም አገር መንገዱ አዲስ አይደለም። አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ልጃቸውን ማቲዎስን ገና በአራት ዓመቱ በደም ካንሰር አጡ። እ.ኤ.አ. በ2004 በስሙ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መሠረቱ። ማኅበሩ ከክፍለ ሀገር ለሕክምና መጥተው ማረፊያ ለሚያጡ ሕሙማን አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ከፍቷል። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ በነበረበት አገር፣ አንድ አልጋና አንድ ትኩስ ምግብ ሕክምናን በመጨረስና በማቋረጥ መካከል ያለውን ልዩነት ያመጣሉ። ተስፋ አዲስም እንዲሁ ካንሰር ባለባቸው ሕፃናት ወላጆች የተቋቋመ ነው። ሁለቱንም ያቆማቸው የቤተሰብ ሐዘን ነው።

የታይሮይድ ካንሰር ታማሚ ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ሁሉ ውጭ ይቀራል። «ደህነኛው ካንሰር» ይሉታል። ሰው ፀጉሩ ሳይረግፍ፣ ሳይከሳ ሲያየው «ድነሃል እኮ» ይለዋል። እሱ ግን በየጠዋቱ ክኒን ይውጣል፣ በየቀጠሮው ደም ይሰጣል፣ በየምርመራው ልቡ ይንጠለጠላል። ደህና የሚመስል ሰው እርዳታ መጠየቅ ያፍራል።

እድራችን ለቁመናም

የአዳዳን የክፍል ጥያቄ ማን እንደፈታው ልንገራችሁ። እድሯ ነው፤ ግን በደንቡ አይደለም። በደንቡ መሠረት ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ገንዘቡም የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው። አዳዳ ለሃያ ዓመት ከፍላለች፤ አዲስ አበባ ስትመላለስ ግን ለትራንስፖርት የሚሆን አንቀጽ አልነበረም። መጀመሪያ ሊጠይቋት የመጡት ጎረቤቶች ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ተከናንበው ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር። ቀዶ ሕክምናውን ጨርሳ ስትመለስ አንዲት የእድሩ ሴት «እስቲ ምን እናግዝሽ?» ብለው ጠየቁ። አዳዳ ስለ ክፍሉ ነገረቻቸው። ምራቷና ሕፃኑ ለሰነበቱበት ጊዜ ቤታቸውን ሰጡ፤ ሌሎቹም ምግቡን ተራ ገብተው በር ላይ ያስቀምጡላት ነበር። ላሞቿንም አለቡ። ያለ አንድ ብር በጀት የተሠራ ሥራ ነው። ያስፈለገው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ በሚቀጥለው የእድር ወይም የማኅበር ስብሰባችሁ ሦስት ነገር አንሡ። አንደኛ፣ ለታመመ አባል ለትራንስፖርት የሚሆን ትንሽ ገንዘብ በደንቡ ይግባ። ሁለተኛ፣ ልጅ የሚይዝ፣ ማረፊያ የሚሰጥ፣ ቀጠሮ አብሮ የሚሄድ ሰው በስም ይታወቅ። ሦስተኛ፣ በሽታውን ያለፈ አባል ፈቃደኛ ከሆነ አዲስ ታማሚን እንዲያነጋግር ይጠየቅ። ከዚህ አልፋችሁ ማኅበር ማቋቋም ብትሹ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ አምስትና ከዚያ በላይ አባላት ተሰብስበው ማኅበር እንዲመሠርቱ ይፈቅዳል። አምስት ሰው ደግሞ አንድ የቡና ረከቦት ዙሪያ ይሞላል።

ባለፈው ወር ጫንጮ ሄጄ ነበር። አዳዳ ክኒኗን ከዋጠች ሰዓቷን ጠብቃ ቡናዋን ቀርባለች። አንዲት የማላውቃት ሴት ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ከጎኗ ተቀምጣለች። አዳዳ የራሷን ነጠላ ወደ ትከሻዋ አወረደችና ጠባሳዋን አሳየቻት። «እኔም ተሠርቼ ነው» አለቻት። ሴትዮዋ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ነጠላቸውን መፍታት ጀመሩ።