ጎኩ የቱ ነው?

ባለፈው የሴሚስተር እረፍት ቤተሰብ ጥየቃ ሄጄ ከታናሽ ወንድሜ ጋር አንድ ፊልም አየሁ። «ድራጎንቦል ኢቮሉሽን» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ነውና አዲስ አይደለም። መጥፎነቱን ስለሰማሁ ለዓመታት ስሸሸው ኖሬያለሁ። ወንድሜ ግን ገና 11 ዓመቱ ስለሆነ ያስጠነቀቀው ሰው አልነበረም። ፊልም ከሚጭኑ ልጆች ዘንድ ፍላሹን አስሞልቶ «ጎኩ በሰው ተሠርቷል!» እያለ እየዘለለ መጣ። ቁጭ ብለን ከፈትነው። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሄደ ዞር ብሎ «ጎኩ የቱ ነው?» አለኝ። ጎኩ እኮ ከመጀመሪያው ጀምሮ ፊታችን ነበር!

ድራጎን ቦልን የማታውቁ ካላችሁ (ከመምህራኖቻችን መካከል ሁለት ሦስት አይጠፉም) ባጭሩ ልንገራችሁ። አኪራ ቶሪያማ የተባለ ጃፓናዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1984 «ሹኔን ጃምፕ» በሚባል ሳምንታዊ መጽሔት ላይ የጀመረው የሥዕል ታሪክ ነው። እስከ 1995 ዘልቆ 42 ቅጽ ወጥቶታል። በ1986 ወደ ካርቱን ፊልም ተቀየረ፤ የመጀመሪያው 153 ክፍል፣ «ዜድ» የተባለው ተከታዩ ደግሞ 291 ክፍል ነው። የባለታሪኩ ስም ሶን ጎኩ ሲሆን፣ «ወደ ምዕራብ ጉዞ» በተባለው የቻይኖች ጥንታዊ ተረት ውስጥ ያለው የዝንጀሮው ንጉሥ ስም በጃፓንኛ ሲነበብ ነው። ጎኩ ጭራ አለው። ተራራ ላይ ብቻውን ያደገ፣ ከተማ የማያውቅ፣ ሴት ልጅ እንኳን አይቶ የማያውቅ ብላቴና ነው። ቡልማ የምትባል የከተማ ልጅ በመኪና ስትገጨው መኪናውን አውሬ መስሎት አንስቶ ይወረውረዋል። በቃ ታሪኩ እንደዚህ ይጀምራል።

እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በልጅነቴ ጎረቤት ቤት በዲሽ ነበር የማየው፣ ያውም በዐረብኛ። አንዲት ቃል ዐረብኛ ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። ሆኖም ጎኩ ማን እንደሆነ የጠፋው ልጅ አልነበረም። ሲርበው ሳህን ይቆልላል፣ ሲስቅ ከልቡ ይስቃል። ከእሱ የበረታ ሰው ሲመጣ ሌላው ሲንቀጠቀጥ እሱ ደስ ይለዋል። ሰው ወደደኝ ጠላኝ ብሎ የሚጨነቅ ልጅ አይደለም፤ እንዲህ ዓይነት ጭንቀት መኖሩንም የሚያውቅ አይመስለኝም። እኛ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሰው ምን ይለናል እያልን የምናድግ ልጆች ነበርን። እሱን ማየት እንዴት እንደሚያሳርፍ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ታዲያ ፊልሙ ይህን ልጅ ምን አደረገው መሰላችሁ? የአሜሪካ ሃይስኩል ተማሪ! 18 ዓመት ሊሞላው ነው። ልጆች ይስቁበታል፣ ይተናኮሉታል። አያቱ አትደባደብ ስላሉት አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ቺቺ የምትባል ልጅ ወድዶ አፉ ይተሳሰርበታል። ይህን ታሪክ ስንት ፊልም ላይ አይተነዋል? መቶ? ጎኩ ግን በአንዱም ላይ አልነበረም፤ ጎኩን የወደድነውም ለዚሁ ነው።

በጣም ያናደደኝ የካሜሃሜሃው ነገር ነው። በዋናው ታሪክ ሽማግሌው መምህር ሮሺ 50 ዓመት ደክሞ ያገኘው ኃይል ነው። ጎኩ አንድ ጊዜ ቆሞ ያየዋል፤ «እኔም ልሞክር» ይልና እዚያው ያደርገዋል፤ መኪናም ያቃጥልበታል። ሽማግሌው ክው ይላል። በዚች አጭር ትዕይንት ልጁ ምን ዓይነት ፍጡር እንደሆነ ገብቶን ያልቃል። ፊልሙ ላይ ደግሞ ጎኩ በዚህ ኃይል ችቦ ለማብራት ሲታገል ቺቺ ትመጣለች። አንድ ችቦ ባበራ ቁጥር አንድ እርምጃ እንዲጠጋት ትፈቅድለታለች፤ መጨረሻው መሳሳም ነው። ወንድሜ እዚህ ጋ ተነስቶ ውኃ ሊጠጣ ሄደ።

የአያቱንም አሟሟት ተመልከቱ። በዋናው ታሪክ ጎኩ ሙሉ ጨረቃ ሲያይ ወደ ግዙፍ ዝንጀሮ ይለወጣል። በኋላም ምንም አያስታውስም። የሚወዳቸውን አያቱን ረግጦ የገደላቸው ራሱ ነው፤ ይህንንም ሳያውቅ ለብዙ ጊዜ ይኖራል። ተመልካቹ ያውቃል፣ እሱ አያውቅም። ፊልሙ ይህን ሁሉ ወርውሮ አያቱን በክፉው በፒኮሎ እጅ ያስገድላቸዋል። የሚበቀለው ሰው ተገኘለት ማለት ነው። ለጸሐፊው ይቀለዋል፣ ለእኛ ግን የሚያመን ነገር አልተረፈም።

ይህን ዶርም ውስጥ ሳነሳ አንድ ጓደኛዬ «አንተ ደግሞ! ካርቱን በሰው ሲሠራ መቼ ያምራል? ጭራ ያለው ልጅ በሰው ቢሠሩት ያስቃል» አለኝ። እንደ እኔ እንደ እኔ ይሄ ሰበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ጃፓናዊው ኬይሺ ኦቶሞ «ሩሮኒ ኬንሺን»ን በሰው ሠርቶታል። የባለታሪኩ ነገር ሁሉ ዳግም ሰው አልገድልም ብሎ በመማሉ፣ ስለቱ በተገለበጠ ጎራዴ በመዋጋቱ ላይ ነው። ፊልሙ ያንን መሐላ አልነካበትም። በ2023 ኔትፍሊክስ ያወጣው «ዋን ፒስ» ደግሞ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ልጅ ነው ባለታሪኩ! ከዚህ በላይ የሚያስቅ ምን አለ? ግን ደራሲው ኤይቺሮ ኦዳ ከዋና ፕሮዲውሰሮቹ አንዱ ነበር፤ ልጁም ያው ልጅ ሆኖ መጣ፣ ተወደደም። ነገሩን አሜሪካውያን ስለሠሩት ነው እንዳልልም በ2015 ጃፓኖች ራሳቸው «አታክ ኦን ታይታን»ን በሁለት ፊልም ሲሠሩ ሊቫይን የመሰለ ተወዳጅ ገጸ ባሕርይ ከነጭራሹ አውጥተውታል። የአገር ልጅነትም ብቻውን አላዳናቸውም።

የገንዘብና የችሎታ እጥረት ነው እንዳይባል፣ ፎክስን የሚያህል ኩባንያ ነው ያሠራው። ከፕሮዲውሰሮቹ አንዱ ስቲቨን ቾው ነበር፤ ሮሺን የተጫወተው ታላቁ ቾው ዩን ፋት ነው። በፊልሙ መጨረሻ ሁለተኛ ክፍል እንደሚመጣ የሚጠቁም ትዕይንት ሁሉ አለ። ሁለተኛው አልመጣም።

ቶሪያማ ራሱ በ2013 ለአንድ ጋዜጣ በሰጠው ቃል፣ ጽሑፉን አይቶ ይህ ነገር የእኔን ዓለም አልያዘም፣ አስተካክሉት ብሎ መክሮ እንዳልሰሙት ተናግሯል። ንዴቱ ለካስ ጠቅሞናል! በዚያው ዓመት «የአማልክት ጦርነት» በተባለው ካርቱን ራሱ ገብቶ ሠራ፤ ድራጎን ቦልም ዳግም ነፍስ ዘራ። በ2024 መጋቢት ወር፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ በ68 ዓመቱ ሲሞት ዓለም ሲያለቅስለት ያን ፊልም ያነሳ ሰው ብዙም አላየሁም።

ያልጠበቅሁት ግን የፊልሙን ጽሑፍ የጻፈውን የቤን ራምሲን ነገር ነው። በ2016 አድናቂዎቹን በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። የገባሁበት ዳጎስ ያለ ክፍያ አይቼ ነው፣ እንደ ወዳጅ ሳይሆን እንደ ነጋዴ ነው የሠራሁት አለ። ይህን ሳነብ በመጀመሪያ «እሰይ!» አልሁ። ትንሽ ቆይቼ ግን ደስታዬ ቀዘቀዘ።

ምክንያቱም አንደኛ ዓመት ሳለን የሰው ፕሮፋይል ጻፉ ተብለን ነበር። እኔ ሰፈራችን ጉሊት የሚቸረችሩ እናት ላይ ጻፍሁ። እኒህ ሴት ሰፈሩን ሁሉ በቀልድ የሚጨርሱ ናቸው። ሽንኩርት ልትገዛ ሄደህ ስቀህ ነው የምትመለሰው። እኔ ግን ልጽፍ ስቀመጥ የጉሊት ነጋዴ ፕሮፋይል እንዴት እንደሚጻፍ «አውቅ» ነበር፤ ፀሐይ፣ ኑሮ ውድነት፣ የእንባ ዘለላ። ቀልዳቸውን አንድ በአንድ አወጣሁት፣ «ከርዕሱ ጋር አይሄድም» ብዬ። ዋሽተሃል የሚለኝ የለም፤ የጻፍሁት ሁሉ የነገሩኝ ነው። ጥሩ ማርክም አገኘሁበት። ልጃቸው ስታነብላቸው እስከ መጨረሻው ሰሙና «ጎሽ ልጄ፣ ጽሑፍህ ያምራል። ሳቄንስ የት አደረግኸው?» አሉኝ።

ያን ቀን እኔም ሳቅሁና አለፍሁት። ራምሲን ካነበብሁ በኋላ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እሱስ ቢያንስ ተከፍሎታል፤ እኔ ለማርክ ነው ያደረግሁት።

ወንድሜ ፊልሙን ሳይጨርስ ከፍላሹ አጠፋው። በምትኩ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ አስጭኖ መጣ። ማታ ማታ እያየን ነው፤ አሁን ቡልማ በመኪና ገጭታዋለች። እኔም እረፍቱ ሳያልቅ ደብተሬን ይዤ ጉሊቱ ጋ ሄጄ ነበር። «አሁን ደግሞ ምን ልታስለቅሰኝ መጣህ?» ብለው ዱካውን ሳቡልኝ።