የወተት እጣቢና የጋይንት ኩበት

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ወተት የሚናጥበት ቤት የሚጥለው ነገር የለውም። ቅቤው ለገበያ፣ አሬራው ለልጆች፣ ከአይቡ የተረፈው አጓት ለጥጃና ለውሻ ይሆናል። ስለዚህ ቅባት ያለበትን የወተት እጣቢ ወደ ጋዝ ስለ መለወጥ ብናወራለት፣ የዚያ አገር ሰው «የትኛውን እጣቢ?» ቢለን አይፈረድበትም። እጣቢው የሚበዛው ወተት በብዛት ተሰብስቦ ዕቃው በሚታጠብበት ቦታ ነው።

ነገር ግን የጋይንት ሰው ሳይወድ የሚያጠፋው ሌላ ሀብት አለ። ዛፍ ባለቀበት ደጋ እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ ለመሬቱ የሚገባውን ምግብ ምድጃው ይበላዋል። ሁለቱ ጉዳዮች የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

እበትንም የወተት ቅባትንም ወደ ጋዝ የሚለውጡት አየር በሌለበት የሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ናቸው። ከአንድ ግራም ቅባት በስሌት አንድ ሊትር ያህል ሜቴን ሲገኝ፣ ከአንድ ግራም ስኳር የሚገኘው ከግማሽ ሊትር ያንሳል። ሆኖም ቅባት ጠባዩ አስቸጋሪ ነው፤ ይንሳፈፋል፣ ሲፈርስም የሚወጣው አሲድ ተሕዋስያኑን ሸፍኖ ያፍናቸዋል። የወተቱም ስኳር ቶሎ ይኮመጥጣል። እበት ግን ኮምጣጣውን ያለዝባል፤ ተሕዋስያኑም ከከብቱ ሆድ ከእርሱ ጋር ይወጣሉ። ስለዚህ እጣቢውን ከእበት ጋር ደባልቆ ጥቂት በጥቂት መመገብ ነው።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1950 ዓ.ም. በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት ተሞክሯል። በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ 14 ሺህ ማብላያ ሊያሠራ አስቦ፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ የተሠራው ወደ 8 ሺህ ነው። ከተሠሩትም ሥራ ያቆሙት ጥቂቶች አይደሉም። ጥፋቱ የተሕዋስያኑ አይደለም። ማብላያው የእበቱን ያህል ውሃ ይፈልጋል፤ ውሃውን ከሩቅ በጀርባዋ የምታመጣው ሴት ናት። ደግሞስ የቤቱን ማገዶ አብዛኛውን የሚፈጀው እንጀራ ሆኖ ሳለ፣ ሻይና ወጥ የሚያፈላ ምድጃ ሰጥተን ምጣዱን ለኩበት ከተውነው ምን ሠራን? (ምጣድ ጥደን የማናውቅ ወንዶች ይህን ስንጽፍ ትንሽ ልናፍር ይገባናል።)

የእኛ አሳብ ይህ ነው። በነፋስ መውጫ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ የወተት ማኅበር ሲቋቋም ማብላያው አብሮት ይታነጽ። እጣቢው ራሱ ውሃ ስለ ሆነ የእንስራውን ሸክም ያቀላል። ጠጋኙም ደመወዝ ያለው አንድ ሰው ይሁን። ዝቃጩ፣ ናይትሮጅኑ ሳይነድ፣ እበት ላመጣው ገበሬ ማሳ ይመለስ። ጋዙ ደግሞ አስቀድሞ እንጀራ ለሚችል ምጣድ ይዋል፤ ምጣዱን የሚፈትኑትም ጋጋሪዎቹ ይሁኑ እንጂ መሐንዲሶች ብቻ አይሁኑ።

በመጪው ክረምት ወደዚያ የምትወርዱ ወንድሞችና እህቶች፣ ለአንድ ጋገራ ስንት ኩበት እንደሚነድ ቆጥራችሁ ተመለሱ። ቁጥሩን በዚህ ገጽ እናወጣዋለን።