በላፕቶፕ የሚታይ ቪዲዮ ሲቆራረጥ ጥፋቱ የማን ነው?

ምስክር ሳይሰማ ፍርድ መስጠት በችሎት የተነወረ እንደ ሆነ ሁሉ፥ በቤትም ውስጥ ሳይመረምሩ መፍረድ ጉዳት አለው። ይህን ማንሣታችን፥ ልጆች ትምህርት የሚከታተሉበት ቪዲዮ ጥቂት ሄዶ በቆመ ቁጥር «ላፕቶፑ አርጅቷል፤ ሌላ ይገዛ» የሚል ቃል በየቤቱ ስለሚሰማ ነው። ላፕቶፕ ግን የብዙ ወር ደመወዝ የሚወስድ ዕቃ ስለ ሆነ፥ ያለ ምርመራ የተሰጠ ፍርድ የቤተ ሰቡን ኑሮ ይጎዳል።

አስቀድሞ የነገሩን ጠባይ ማወቅ ይገባል። ቪዲዮ በአንድ ጊዜ ሙሉውን አይደርስም፤ በጥቂት በጥቂቱ ይመጣና ላፕቶፑ ገና የሚታየውን ክፍል አስቀድሞ ያጠራቅማል። ይኸውም የቧንቧ ውኃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ሰው በሮቶ እንደሚያጠራቅመው ነው። የሚገባው ከሚቀዳው ሲያንስ ሮቶው ይነጥፋል፤ ቪዲዮውም እንዲሁ ይቆምና ጥቂት ሲጠራቀም ይቀጥላል። ዩቲዩብ እንደሚያስታውቀው በ480ፒ ጥራት ለማየት በሰከንድ 1.1 ሜጋቢት፣ በ720ፒ 2.5፣ በ1080ፒ 5፣ በ4ኬ ደግሞ 20 ሜጋቢት ያስፈልጋል። ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት ገንዘብ አይጠይቅም፤ በቪዲዮው ግርጌ ያለውን የጥርስ ምልክት ነክቶ ጥራቱን ወደ 480 ማውረድ ነው።

ይህ ካልበቃ የእጅ ስልክ ምስክር ይሁን። በዚያው ዋይፋይ፣ በዚያው ስፍራ፣ በእኩል ጥራት ያው ቪዲዮ በስልክ ይከፈት። በስልኩም ላይ ከቆመ፥ ጥፋቱ የዋይፋዩ ወይም የመስመሩ ሳይሆን አይቀርም፤ ስልኩ ያለ እንከን ካሳየ ግን ወደ ላፕቶፑ መመለስ ይገባል።

ስለ ዋይፋይ፦ በኮልፌ ቀራንዮ፣ በአየር ጤናም ሆነ በቤቴል፥ ራውተሩ በሳሎን ተቀምጦ ልጁ በሰርቪስ ቤት የሚያጠናበት ግቢ ጥቂት አይደለም። በመካከል ያለው የብሎኬትና የኮንክሪት ግድግዳ ሞገዱን ያደክመዋል። የ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ፈጣን ሲሆን በግድግዳ ቶሎ ይደክማል፤ የ2.4 ጊጋኸርዝ ራቅ ብሎ ይደርሳል፥ ነገር ግን የጎረቤት ዋይፋይና ማይክሮዌቭ ያውኩታል። ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት፣ ከፍ ባለ ስፍራ በቤቱ መካከል ማኖር፣ ቢቻል ላፕቶፑን በኬብል ማገናኘት ይበጃል። በኬብል ሲሆን መቆራረጡ ከቀረ ጥፋተኛው ዋይፋዩ ነው።

ስለ ላፕቶፑ፦ የተከፈቱ ብዙ ገጾችን መዝጋት፣ ብራውዘሩን ማደስ፣ በስውር የሚወርድ ማሻሻያ እንዳለ ማየት ያስፈልጋል። መብራት ጠፍቶ በባትሪ ሲሠራም ኃይል ቆጣቢው ሥርዐት ያዘገየዋል። በአልጋ ላይ ተቀምጦ መተንፈሻው በብርድ ልብስ ከታፈነ ይግላል፤ ሲግልም ሥራውን ይቀንሳል።

ይህ ሁሉ ተፈጽሞ ችግሩ ካልተወገደ መስመሩ ይመርመር። በመጀመሪያ ከቤተ ሰቡ ሌላ ሰው ትልቅ ነገር እያወረደ እንዳይሆን መጠየቅ ነው። ቀጥሎም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም አገልግሎት ስለሚሰጥ፥ የሌላውን ሲም በስልክ ከፍቶ ማነጻጸር ይቻላል። ፍጥነቱንም ጠዋትና ማታ ለጥቂት ቀናት ለክቶ፥ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ ለአገልግሎት ሰጪው ማቅረብ መልካም ነው፤ «ሁልጊዜ ይቆማል» ከሚል አቤቱታ ይልቅ በቁጥር የተጻፈ ማስረጃ ይሰማልና።

የቤት አባትና እመቤትም ይህን ምርመራ ልጆቹ ራሳቸው በተራ እንዲፈጽሙት ቢያደርጉ፥ ገንዘቡ ከመትረፉ በላይ ልጆቹ አንድን ነገር ከመወሰን በፊት መመርመርን ይማራሉ።