በበዓል ያጌጠ ሱቅና ከዕቃ ቤት የወጣ ንዋይ

ከታኅሣሥ ወር እኩሌታ ጀምሮ እስከ ቃና ዘገሊላ ባለው ጊዜ፣ በጎንደር ከተማ በፋሲል ግቢ አካባቢ፣ እንዲሁም ወደ ስሜን ተራራ ለሚወጡ እንግዶች ማረፊያ በሆነችው በደባርቅ፣ የጥንት ዕቃ የሚሸጥባቸው ሱቆች እንደ ሙሽራ ቤት ይሸለማሉ። በወለሉ ላይ ቄጠማ ይጐዘጐዛል፤ በደጃፉ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ጨርቅ ይዘረጋል፤ ሲመሽም ትንንሽ የኤሌክትሪክ መብራቶች ይበራሉ። የፈረንጆች ልደት በታኅሣሥ አጋማሽ ስለሚውል፣ አንዳንዱ ባለ ሱቅ እንግዳውን ደስ ለማሰኘት ሲል የጽድ ቅርንጫፍ ያቆምና የበረዶ ምሳሌ እንዲሆን ጥጥ ይበትንበታል። እውነተኛውን ውርጭ የሚሻ ሰው ወደ ራስ ደጀን ቢወጣ ሌሊቱን ያለ ዋጋ እንደሚያገኘው ለእንግዳው የነገረው ያለ አይመስልም።

በበዓል ወራት እንዲህ ባለው ሱቅ ገብቶ መጐብኘት ነውር የለበትም። ነጋዴው እንጀራውን ያገኝበታል፤ የአገሩም ልጅ የአያቶቹን ጋሻና ዋንጫ ያይበታል። ይልቁንም በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ እስከ አዲ አርቃይና እስከ ዳባት ድረስ ደርሶ ሕዝቡን ካስጨነቀ ወዲህ፣ ቀጥሎም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት የእንግዳው ቍጥር ስላነሰ፣ አንድ ሱቅ ተከፍቶና ተሸልሞ መታየቱ ራሱ የሚያስደስት ነው። ስለዚህ ነገሩ ስለ ቄጠማውና ስለ መብራቱ አይደለም፤ በመብራቱ ሥር ተደርድሮ ስለሚታየው ዕቃ ነው እንጂ።

ከዚህ ዕቃ የሚበዛው፣ ይኸውም ሞሰቡ፣ የቀንድ ዋንጫው፣ የሸክላው ሥራ፣ የአንገት መስቀሉ፣ ባለቤቱ ወይም ሠሪው ወድዶ የሸጠው ነው። ሌላው ደግሞ ትናንት ተሠርቶ የጥንት መስሎ የሚቀርብ ነው። አዲሱ ብራና በጢስ ይታጠናል፤ አዲሱ መስቀል መሬት ውስጥ ተቀብሮ ይከርምና ዝጎ ይወጣል፤ አዲሱ ሥዕል በሻይ ወይም በቡና ውሃ ተነክሮ መቶ ዓመት የኖረ ይመስላል። ይህ ማታለል ስለ ሆነ አይመሰገንም። ሆኖም የእንግዳውን ኪስ ከማጉደል አልፎ የማንንም መቅደስ አላራቈተምና ከሚከተለው ጋር ሲያስተያዩት ቀላል ነው።

የሚከተለውም ይህ ነው። ከጢስ የታጠነው ብራና አጠገብ እውነተኛው የብራና መጽሐፍ ተቀምጦ ይገኛል። የመጀመሪያው ቅጠል ተቀድዶ የወጣ፣ የሰጪውና የደብሩ ስም ከተጻፈበት ቦታ በምላጭ የተፋቀ፣ ውስጡ ግን ሲቀደስበትና ሲጸለይበት የኖረ መጽሐፍ ነው። የእንዲህ ያለው መጽሐፍ ጸሐፊዎች የሰረቀውንና የፋቀውን በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የሚያወግዝ ቃል በመጽሐፉ ጫፍ መጻፍ ልማዳቸው ነበር። ስሙን የፋቀው ሰው ብዙ ጊዜ ይህንንም ይፍቃል፤ የተፋቀው ቦታ ግን ራሱ ምስክር ሆኖ ይቀራል። የጉምሩክ ሹምም ቢሆን የወረዳ ፖሊስ፣ ግእዝ ባያነብ እንኳ፣ የተፋቀ ቅጠል ያየ እንደ ሆነ መጽሐፉ ከየት እንደ መጣ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት አለው።

ይህ ንዋይ ከዕቃ ቤት እንዴት ይወጣል ቢባል፣ ሌባ በሌሊት ቍልፍ ሰብሮ የሚያወጣው መኖሩ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከሌሊቱ ሌባ ይልቅ የሚያስፈራው በቀን የሚመጣው መልካም ሰው መሳይ ነው። ይህ ሰው ጣራው ወደሚያፈስ የገጠር ደብር ይመጣና ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ድህነት ያዝናል። መስቀሉ ያረጀ፣ መጽሐፉ ፊደሉ የደበዘዘ፣ ሥዕሉም የተላጠ መሆኑን እያሳየ፣ በእነዚህ ፈንታ የሚያንጸባርቅ አዲስ መስቀል፣ በማተሚያ የታተመ መጽሐፍና ጥቂት ቆርቆሮ ሊሰጥ ይስማማል። ገበዙም ደብሩን የጠቀመ መስሎት ይሰጣል። በሐዋርያት ቀኖና የተቀደሰ የወርቅና የብር ዕቃ ወይም ልብስ ማንም ለራሱ ጥቅም እንዳያውለው የተከለከለ መሆኑን ሊቃውንቱ ያውቃሉ፤ ሆኖም ገበዙ ለራሱ ሳይሆን ለጣራው ሲል መስጠቱን እያሰበ ልቡናው አይከሰውም።

እንዲህ ያለው ልውውጥ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ማርሴል ግሪዮል የተባለው ፈረንሳዊ የመራው ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የጥናት ጓድ በ1924 ዓ.ም. መጨረሻ ጎንደር ደርሶ እስከ 1925 ዓ.ም. በተቀመጠ ጊዜ፣ ከዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጀምሮ የኖረውን የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ ወሰደ። በፈንታቸውም ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው የጓዱ ሠዓሊ የሣላቸው አዲስ ሥዕሎች ተተከሉ። የጥንቶቹ ሥዕሎች ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ይገኛሉ፤ የአርባ አራቱ ታቦት አገር ልጅ የአባቶቹን ሥዕል ለማየት ባሕር መሻገር አለበት። በዚያን ቀን ብርቱ ጠብ አልተነሣም፤ አሮጌ ተሰጥቶ አዲስ ተተካ እንጂ። በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ የሆነው ሌላ ነው፤ እርሱ በጦር የተወሰደ ስለ ሆነ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ ከጎንደር አድባራት በዐፄ ቴዎድሮስ ተሰብስበው የነበሩት መጻሕፍት በእንግሊዝ አገር ስለ መኖራቸውም ብዙ ተጽፏል። የአባ እንጦንሱ ዓይነት ግን ድምፅ ስለሌለው ይረሳል፤ በየሱቁ የሚታየውም የእርሱ ወንድም ነው።

የወጣ ዕቃ ተመልሶ የሚገኘው እንዴት እንደ ሆነ ደግሞ ማስተዋል ይገባል። የላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም የሆነው አፍሮ አይገባ የሚባለው መስቀል በመጋቢት 1989 ዓ.ም. ተሰርቆ በአንድ የቤልጅግ ሰው እጅ ተገኘ፤ ለገዛበትም 25,000 ዶላር ተተክቶለት መስቀሉ በ1993 ዓ.ም. ወደ ስፍራው ተመለሰ። መስቀሉን ዓለም ባያውቀውና ሥዕሉ በየመጽሐፉ ታትሞ ባይገኝ ኖሮ የላሊበላ መሆኑን ማስረዳት ባልተቻለም ነበር። የጨለቆት ሥላሴ ዘውድም እንዲሁ ነው። በሮተርዳም የሚኖረው ሲራክ አስፋው ዘውዱን በ1990 ዓ.ም. በአንድ እንግዳ ሻንጣ ውስጥ አግኝቶ 21 ዓመት ያህል ሸሽጎ ካቈየ በኋላ በየካቲት 2012 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ መንግሥት ተመለሰ። ዘውዱ የጨለቆት ለመሆኑ ከረዱት ማስረጃዎች አንዱ፣ ከመጥፋቱ በፊት አንድ ካህን ደፍቶት የተነሣው ፎቶግራፍ ነው። አንድ ፎቶግራፍ ይህን ያህል ይሠራል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍት መነሣታቸውም ለንባብ ብቻ ሳይሆን ለምስክርነት ጠቃሚ ነው።

ለካህናት ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ናቡከደነፆር ከኢየሩሳሌም የማረከውን የቤተ መቅደስ ዕቃ የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ በመለሰ ጊዜ፣ መዝገብ ጠባቂው ሚትሪዳጡ ለሰሳብሳር ያስረከበው እየቈጠረ መሆኑ በመጽሐፈ ዕዝራ ተጽፎ ይገኛል። የወርቁ ከብሩ፣ ሳሕኑ ከቢላዋው ተለይቶ፣ በጠቅላላው 5,400 ዕቃ ተባለ። በኢትዮጵያም የየደብሩ ንዋየ ቅድሳት ዝርዝር በወንጌሉ ባዶ ቅጠል ላይ መጻፉ የቈየ ሥርዐት ነው። ይህ ሥርዐት በብዙ ስፍራ ስለ ተቋረጠ፣ ዛሬ አንድ መስቀል የጠፋበት ደብር መስቀሉ ምን ያህል ስንዝር እንደ ነበረ እንኳ መናገር አይችልም። ሳይናገርም የቀረው ደብር በሱቁ መብራት ሥር የተቀመጠውን መስቀል የእኔ ነው ቢል ማን ያምነዋል?

እዚህ ላይ አዲ አርቃይ ትነሣለች። አዲ አርቃይ ባጌጡ ሱቆች የምትታወቅ ከተማ አይደለችም። ነገር ግን ከሽሬ በማይ ጸብሪ በኩል ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ በእርስዋ ያልፋል፤ ጣልያን በወረራው ዘመን ያወጣው የሊማሊሞ ጠመዝማዛም ከእርስዋ በላይ ወደ ደባርቅ ይወጣል። እህል ወደማይቀመስበት ወደ ዋልድባ ገዳም የሚሄደው መነኩሴና ተሳላሚ የሚነሣውም ከዚህ አገር ነው። በላይ በጃናሞራ፣ ደጃዝማች ውቤ ያሠሯት፣ ዐፄ ቴዎድሮስም በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዘውድ የደፉባት ደረስጌ ማርያም አለች። እንግዲህ በአንድ በኩል የጥንት ንዋይ የሞላበት አገር፣ በሌላው በኩል የገበያው ከተማ፣ በመካከላቸውም አንድ መንገድ አለ ማለት ነው። በጦርነቱ ጊዜ ንዋየ ቅድሳቱን ከአደጋ ለማዳን ሲባል ወደ ዋሻና ወደ ምእመናን ቤት ማሸሽ የማይቀር ነው፤ የተሸሸገው ሁሉ ተመልሶ እንደ ሆነና እንዳልሆነ በእርግጥ ለማወቅ የሚቻለው ግን አስቀድሞ የተጻፈ ዝርዝር ሲኖር ብቻ ነው።

ለቈጠራው ከጥምቀት የተሻለ ጊዜ አይገኝም። በዓመት ውስጥ የዕቃ ቤቱ በር ወለል ብሎ የሚከፈተው፣ የብሩ ጥላ፣ የመጾሩ መስቀል፣ ካባውና ጽናጽሉ ሁሉ ወደ ብርሃን የሚወጣው በከተራ ነው። ስለዚህ ጥር 9 ቀን ገበዙ፣ ቄሰ ገበዙና ከምእመናን የተመረጡ ሁለት ሽማግሌዎች በአንድነት ቢቀመጡ፣ የሚወጣውን ዕቃ እየለኩና በፎቶግራፍ እያነሡ ቢጽፉት፣ ታቦቱ ሲገባም በዚያው ዝርዝር ቢያስገቡት ሥራው የሁለት ቀን ነው። ለመጽሐፍ የቅጠሉ ቍጥር፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቃል፣ የሰጪው ስም ይበቃል። ለመስቀል ቁመቱ፣ ክብደቱ፣ የተጻፈበት ቃልና ያለበት ስብራት ይጻፍ። ስብራቱን መጻፍ አይናቅ፤ ሁለት የሚመሳሰሉ መስቀሎች የሚለዩት በስብራታቸው ነውና።

አንዳንድ ካህናት እንዲህ ያለው ዝርዝር ለሌባ መንገድ ማሳየት ነው ብለው ይፈራሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ መዝገቡ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ከሆነ ጉዳቱ እውነት ነው። ታቦቱም በሰው ዐይን የማይታይ ስለ ሆነ ከዚህ ሁሉ ውጭ ይቀመጣል፤ ይህን ለማስታወስ እንኳ አያስፈልግም። ነገር ግን ሌባው ዕቃው መኖሩን ከነጋዴው ሰምቶ ያውቃል፤ የማያውቀው ዳኛው ነው። ዝርዝሩ በሦስት ተጽፎ አንዱ በደብሩ፣ አንዱ በወረዳው ቤተ ክህነት፣ አንዱም በወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ታሽጎ ቢቀመጥ፣ የሚከፈተውም ዕቃ ሲጠፋና ገበዝ ሲለወጥ ብቻ ቢሆን ፍርሃቱ ይቀላል።

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ ያዝዛል፤ ያለ ፈቃድም ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ሕጉ ስለዚህ አለ። የጐደለው የወረዳው ሹም ከሠረገላ መንገድ ርቆ ወዳለው ደብር ለመሄድ በቅሎ ወይም የነዳጅ ገንዘብ፣ ሲሄድም የሚይዘው የመዝገብ ደብተር ነው። ለበዓል ማድመቂያ ሰንደቅና መብራት ገንዘብ ከተገኘ ለደብተር አለመገኘቱ የሚያስገርም ነው።

ባለ ሱቁም ቢሆን ከዚህ ሥራ አይጐዳም። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲወጡ በመንገድ ላይ ባለችው በወለቃ የሚሠራው የሸክላ ምስል፣ የጎንደር ጥበብ፣ የስፌቱ ሞሰብ፣ አዲስ መሆኑ ተነግሮለት የሚሸጥ መስቀል፣ እነዚህ ሁሉ ለልደትና ለጥምቀት ስጦታ የሚሆኑ ናቸው። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ማን እንደ ሠራውና የት እንደ ተሠራ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚናገር ትንሽ ወረቀት ቢንጠለጠልበት ጠንቃቃው እንግዳ ዋጋውን ሳይከራከር ይከፍላል። ወረቀት ሊንጠለጠልበት የማይችለውን ዕቃ ግን የከተማው ሹም ከበዓሉ በፊት በሱቁ ሲያልፍ ቆም ብሎ ይጠይቅበት። በአዲ አርቃይ፣ በደባርቅና በዳባት ያሉት ቤተ ክህነቶችም የዘንድሮውን ዝርዝር ከቃና ዘገሊላ ማግስት፣ ጥር 13 ቀን፣ ከየደብሩ ቢረከቡ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ከጎንደሩ ሀገረ ስብከት ይደርሳል።