ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ

ባገራችን ገበያ ውስጥ አንድ ያገር ስም ቅጽል ሆኖ ቀርቷል። ሰው የገዛው ዕቃ በሳምንቱ ሲላጥ ወይም ሲሰነጠቅ «ቻይና ነው» ይላል፤ ሰሚውም ሌላ ማብራሪያ አይጠይቅም። እኛ ግን ነገሩን ጠለቅ ብለን ስናየው አነጋገሩ ፍርደ ገምድል መስሎ ይታየናል። ከሰበታ ተነሥቶ እስከ ጅቡቲ የሚዘልቀውን፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ የሠሩት ያው ቻይኖች ናቸው። እንግዲህ ሐዲድ መዘርጋት የቻለ ሕዝብ ጃንጥላ መሥራት አያቅተውም። ፋብሪካ በታዘዘው ዋጋ ልክ ይሠራል። ይርከስ እንጂ ጥራቱ አያሳስበኝም ብሎ ያዘዘው ያገራችን አስመጪ ነው፤ ሳይመረምር ያሳለፈው ያገራችን ኬላ ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን መርምሮ የመግዛት ዕድል ያላገኘው ገዢ ነው።

ይህን ጉዳይ ያነሣነው ለወሬ ያህል አይደለም። ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ስለሚከብደን በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ክፍል ተከራይተን እየተመላለስን እንማራለን። ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ተብለዋል፤ ኑሯቸው ግን እንደ ቀድሞው ባንድ በኩል የገበሬ፣ በሌላ በኩል የፋብሪካ ሠራተኛ ኑሮ ነው። በእንዲህ ያለ ከተማ የሚኖር ተማሪ የሚገዛው ጥቂት ነው፤ ጫማ፣ ቦርሳ፣ ጃንጥላ፣ የስልክ ቻርጀር፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ፣ የውኃ ማፍያ። እነዚህ በአብዛኛው ከውጭ የመጡ ናቸው። ሒሳቡን እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ጫማ የጥሩውን ጫማ ዋጋ ሲሶ ብቻ ቢያስከፍል፣ ነገር ግን በዓመት አራት ጊዜ መለወጥ ቢኖርበት፣ ገዢው ዓመቱ ሲያልቅ የጥሩውን ጫማ ዋጋ ከነሲሶው ከፍሎ በእጁ የሚቀረው የተቀደደ ጫማ ነው። ድሀ ርካሽ ዕቃ የሚገዛው ሒሳብ ስለማያውቅ አይደለም፤ ሙሉውን ዋጋ ባንድ ቀን የሚያወጣበት ገንዘብ ስለሌለው ነው። ስለዚህ መጥፎ ዕቃ በድሀ ላይ የተጣለ የማይታይ ግብር ነው።

ጫማ ቢቀደድ እግር ይረጥባል፤ የኤሌክትሪክ ዕቃ ቢበላሽ ግን ቤት ይቃጠላል። በዚህ ዓመት ከእኛ አንዳንዶቻችን በተከራየንበት የቡራዩ ክፍል አዲስ የተገዛ ማከፋፈያ ውኃ ሲፈላበት ቀልጦ ግድግዳውን አጥቁሮታል። ሲፈታ የተገኘው ሽቦ ከመስፊያ ክር ብዙም የማይወፍር ነበር፤ ጀርባው ላይ ግን ብዙ ኃይል እንደሚችል በትልቁ ተጽፎበታል። ነገሩ ምስጢር የለውም። ሽቦ ሲቀጥን ይግላል፤ ሲግል ፕላስቲኩ ይቀልጣል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3000 ዋት በላይ ይስባል፤ የተጻፈውን አምና በእንዲህ ያለ ማከፋፈያ ላይ ምጣድ የምትሰካ እናት ልጆቿን ከምን አደጋ ላይ እንዳስቀመጠች የሚነግራት የለም።

ከዚህ የተነሣ በዚህ ዓመት መንፈቅ ጥቂት ሆነን ቃል ተገባባን፤ ያገር ውስጥ ምርት እስካለ ድረስ ሌላ ላንገዛ። የሆነውን ሳንጨምር ሳንቀንስ እንንገራችሁ። በምግብ በኩል ችግር አልነበረም። ሱሉልታ የወተትና የድርቆሽ አገር ናት፤ «ማማ» የተባለው ወተትም የሚታሸገው ሰበታ ነው፤ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ሳንከፍት መንፈቁን አሳለፍን። በልብስ በኩል ጋቢና ነጠላ ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ይገኛል፤ ነገር ግን የሸማኔን ጥለት አስመስሎ በመኪና የታተመ የውጭ ጨርቅ አጠገቡ ተሰቅሎ በረከሰ ዋጋ ይሸጣል። የደብተሩ ኅትመት ያገር ውስጥ ነው፤ ወረቀቱ ግን በአብዛኛው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ማከፋፈያ ያገር ውስጥ ፈልገን አጣን፤ ባገር ውስጥ የተሠራ ሽቦ ግን ስላለ እሱን በሜትር ገዝተን ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሰጥተን አሠራን። ዋጋው ከፍ አለ፤ እስከ ዛሬ ግን አልጋለም።

ከሁሉ ይልቅ የገረመን የጫማው ነገር ነው። አንድ ጓደኛችን ከሸራ ተራ የገዛው የቆዳ ጫማ እዚያው መርካቶ የተሰፋ ነው፤ ሰፊውን ራሱን አነጋግረነዋል። በሶሉ ላይ ግን «ሜድ ኢን ኢታሊ» የሚል ማኅተም አለበት። ለምን ብለን ብንጠይቀው፣ «ልጆች፣ ያገሬን ስም ብጽፍበት ማን ያነሣዋል?» ሲል መለሰልን።

ይህ ሰው የሚናቅ ሠራተኛ አይደለም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከቻይና የመጣ ርካሽ ጫማ የአዲስ አበባን ገበያ ሲያጥለቀልቅ የመርካቶ ጫማ ሰፊዎች ክፉኛ ተጎድተው ነበር። የውጭው ጫማ መልኩ ያማረ ስለ ነበረ ገዢው ወደዚያ ጎረፈ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን እንደማይበረክት ታወቀ። ሰፊዎቻችንም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የውጭውን ቅርጽ ተማሩ፤ የተሻለ ቆዳና የተሻለ ሶል ፈለጉ፤ ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ ገበያቸውን በአብዛኛው አስመለሱ። የጃፓን የኢኮኖሚ ምሁራን ሳይቀሩ ይህን ታሪክ አጥንተው ጽፈውታል። እንግዲህ ሥራው አሸንፏል፤ ስሙ ግን ገና አላሸነፈም።

ስምም ቢሆን ማሸነፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1887 የእንግሊዝ ፓርላማ የውጭ ዕቃ የእንግሊዝ መስሎ እንዳይሸጥ፣ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት የሚያደርግ ሕግ አወጣ። ያን ጊዜ የጀርመን ዕቃ ተራ ነው እየተባለ ይናቅ ነበርና የታሰበው ገዢው ዐውቆ እንዲሸሸው ነው። ጀርመኖች ሥራቸውን እያሻሻሉ ሄዱና ያ የማዋረጃ ጽሑፍ የክብር ምልክት ሆነ። በእኛም አገር አቡጀዲ መጀመሪያ ካሜሪካ ይመጣ ነበር፤ ኋላ ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት የጃፓን ጨርቅ በርካሽነቱ ቦታውን ወሰደ። ያን ጊዜ የጃፓን ዕቃ ማለት ርካሽ ማለት ነበር፤ ዛሬ «የጃፓን ነው» የሚባል መኪና አሮጌም ቢሆን ዋጋው አይቀመስም።

ከእኛ በፊት በዚህ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተማሮችም ስለ ውጭ ነገር ተቈጥተዋል። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በራስ መኰንን አዳራሽ የተዘጋጀውን የልብስ ትርኢት የባዕድ ባህል ማስፋፊያ ነው ብለው ተቃውመው፣ ነገሩ ዩኒቨርሲቲውን እስከ ማዘጋት ደርሶ ነበር። የቁጣቸውን ምክንያት እንረዳለን። ነገር ግን ቁጣ ክር አይፈትልም። የባዕድ ልብስ አንፈልግም ያለ ሰው ያገሩ ልብስ በምን ዋጋ፣ በማን እጅ፣ በምን ጥራት እንደሚሠራ አብሮ መጠየቅ አለበት።

ለመሆኑ «ያገር ውስጥ ምርት» ስንል ምን ማለታችን ነው? ሰበታን እንመልከት። የሜታ አቦን ቢራ ፋብሪካ መንግሥት በ2004 ዓ.ም. ለእንግሊዙ ዲያጂዮ በ225 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ዲያጂዮ ለፈረንሳዩ ካስቴል ሸጠው። ውኃው የሰበታ፣ ላቡ የሰበታ፣ ትርፉ ግን የሌላ ነው። በ2002 ዓ.ም. በዓለም ገና በኩል የተከፈተው የቱርኮች አይካ አዲስ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ምርቱን በብዛት ወደ ጀርመን ይልክ ነበር። የሰበታ ልጅ የሰፋችውን የጀርመን ልጅ ለበሰው፤ እሷ ግን ከገበያ ልባሽ ጨርቅ ገዝታ ለበሰች። በመጨረሻም ፋብሪካው ከልማት ባንክ የተበደረውን መክፈል አቅቶት ባንኩ ተረከበው።

የውጭ ባለ ገንዘብ አይምጣ አንልም። ሦስት ጥያቄ ግን እንጠይቅ፤ ማን ይሠራዋል? ከምን ይሠራል? ትርፉስ የት ያድራል? ሦስቱንም በ«እኛ» የሚመልስ ዕቃ ጥቂት ነው፤ ሁለቱን የሚመልስ ግን ሊበዛ ይችላል። ቢራችን ለብዙ ዓመታት በከፊል ከውጭ በገባ ብቅል ይጠመቅ ነበር። ባለፉት ዓመታት በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ ትላልቅ የብቅል ፋብሪካዎች ሲከፈቱ የገበሬው ገብስ ገበያ አገኘ። ባለቤቶቹ የውጭ ሰዎች ቢሆኑም አንዱ ጥያቄ መልሱ ተለወጠ ማለት ነው።

«መንግሥት የውጭ ዕቃ ቢከለክልስ?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ተሞክሯል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ለ38 ዓይነት ዕቃዎች ማስገቢያ የውጭ ምንዛሪ እንዳይሰጥ ተከለከለ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን ክልከላው ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ብር ረክሶ የውጭ ዕቃ ተወደደ፤ ላገራችን ሠሪ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ነገር ግን ክልከላም ሆነ የዋጋ መወደድ ብቻውን ጥራት አያመጣም። ገዢው ሌላ ምርጫ የለውም ብሎ የተማመነ ሠሪ ሙጫውን ያሳንሳል፣ ክሩን ያሳሳል። ያገር ምርት ነውና ታገሡት መባልን አንቀበልም፤ ያገር ሰው በሠራው ማከፋፈያም ቢሆን ቤት ይቃጠላል።

ሌላም ዕዳ አለ። በነዚህ ከተሞች ፋብሪካ የቆመው ትናንት ጤፍና ገብስ ይዘራበት በነበረ መሬት ላይ ነው። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ በተነሣው ተቃውሞ በሰበታ ዙሪያ ፋብሪካዎች ተቃጥለዋል። ማቃጠሉን አንደግፍም፤ ነገር ግን መሬቱን ለቆ በቂ ካሣ ያላገኘ፣ ልጁም በደጁ በተሠራው ፋብሪካ ያልተቀጠረለት ገበሬ ያንን ፋብሪካ «ያገሬ» ይለዋል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ዕቃውን ያገር ውስጥ የሚያሰኘው በሶሉ ላይ ያለው ማኅተም ብቻ ሳይሆን ለሠራተኛውና ለጎረቤቱ የሚከፈለው ዋጋ ጭምር ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የምናቀርበው አሳብ ካቅማችን የማያልፍ ነው። አንደኛ፣ ማኅበራችን ለበዓልና ለስፖርት ውድድር የሚያሠራውን ካናቴራና ቦርሳ በነዚህ ከተሞችና በመርካቶ ካሉ ሠሪዎች ያሠራ፤ የሠሪውም ስም ይጻፍበት፤ ያለ ስም አንቀበል። ሁለተኛ፣ የምሕንድስና ተማሮች ጓደኞቻችን በገበያ ያለውን ማከፋፈያና ቻርጀር፣ የውጭውንም ያገር ውስጡንም ሳይለዩ፣ በቤተ ሙከራቸው መዝነውና ለክተው ውጤቱን በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጥፉልን። የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ደረጃ ያወጣል፤ ደረጃው በወረቀት እንዳይቀር ገዢው መጠየቅ አለበት። ሦስተኛ፣ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813፣ ስለ ዕቃው ጥራት የማወቅ መብት ሰጥቶናል። ስለዚህ ደረሰኝ እንቀበል፤ የተበላሸውንም በትሕትና ግን በጽናት እንመልስ። አንድ ተማሪ ብቻውን ሲመልስ ነጋዴው ይቈጣል፤ አንድ መቶ ተማሪ ሲመልስ ግን ነጋዴው አስመጪውን ይቈጣል።

አባቶቻችን «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይላሉ። ሰርዶውን የሚነቅለው በሬው ያገር ልጅ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ጠግቦ ስለ በላና ቀንበሩ ስለ ተስማማው ጭምር ነው። የሸራ ተራው ሰፊ በሬው ነው፤ ጥሩ ቆዳ፣ የማያሳፍር ስምና የሚመረምር ገዢ ይሻል። ቆዳውን እሱ ይፈልግ፤ ሌሎቹን ሁለቱን ልንሰጠው የምንችል ግን እኛ ነን።