ዕድሜውን ማን ጻፈው?



ውድ ጀመዓችን! ከጁሙዓ ሰላት በኋላ በመስጂዳችን በር ላይ ጫማ ይዞ ሲሮጥ የተያዘ ልጅ ያላየ ከመካከላችን ማን አለ? አንዱ በጥፊ፣ ሌላው በእርግጫ ይለዋል። ከዚያ ለፖሊስ ይሰጣል፤ እኛም ወደ ምሳችን። ልጁ የት አደረ ብሎ የጠየቀ ግን የለም።

ብዙ ጊዜ የሚያድረው ከአዋቂ እስረኞች ጋር ነው። አብዛኛው የድሃ ልጅ የልደት ምስክር ወረቀት የለውም። ስለዚህ ዕድሜው መርማሪው የገመተው ይሆናል፤ 12 ዓመቱ በአንድ ጭረት 18 ይባላል። ያቺ ቁጥር ደግሞ ሁሉንም ትወስናለች። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላውን ልጅ በወንጀል አይጠይቅም። ከ9 እስከ 15 ያለውንም ከአዋቂ ወንጀለኞች ጋር ማሰር ይከለክላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ጥፋተኛ ልጆች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዛል።

እንዲያውም በ1954 የወጣው፣ ከብዙዎቻችን የሚበልጠው የሥነ ሥርዓት ሕግ እንዲህ ያለው ልጅ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት ይወሰድ ይላል። ምርመራው እንዴት እንደሚካሄድ ፍርድ ቤቱ መመሪያ ይሰጣል። ቀጠሮ ከተሰጠም ልጁ ለወላጁ ወይም ለዘመዱ ይሰጣል። ታዲያ እናቱ ሳታውቅ በሌሊት የተፈረመ የእምነት ቃል በየትኛው ሕግ ነው? ጠባይ ማረሚያ እንዳይባል፣ አገሪቱ ለረጅም ዘመን የነበራት አዲስ አበባ ልደታ ያለውን አንዱን ብቻ ነው። የደሴው ልጅ የት ይሂድ?

«ሌባ ነው፣ ይቅመሰው» የሚል ወንድም አይጠፋም። ወንድሜ፣ ባሊግ ያልሆነ ልጅ ላይ ብዕር እንደማይጻፍ በቁርኣን ቤት ተምረሃል። በአንድ ጫማ የገባ ልጅ ከለመዱ ሌቦች ጋር ሲከርም ምን ተምሮ እንደሚወጣም አይጠፋህም። ለራሳችን ታሳሪዎች ሕገ መንግሥቱ ይከበር እያልን ለሊስትሮው ልጅ ዝም ካልን፣ የጠየቅነው ፍትሕ ሳይሆን ውለታ ነው።

ስለዚህ ከዚህ ጁሙዓ ጀምሮ ማንም እጁን አያንሳ። ሕጉ ከሳሹ ራሱ ልጁን ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት እንዲወስድ ይፈቅዳልና ያንን እንጠቀም። ቤተሰቡ ይጠራ። ፖሊስ ከያዘውም የክትባት ካርዱን፣ የትምህርት ቤት መዝገቡን ያለው ይዞ ይድረስ፤ መድረሳ የቀራ ከሆነ ዑስታዙ ቀርቦ ዕድሜውን ይመስክር።

ወሰላሙ ዓለይኩም